የጎቶች መንግሥት በእስጳንያ እንዴት አንድ ክርስቲያናዊ መንግሥት ሆነ

በምዕራብ ኤውሮጳ የነበረው የሮማ መንግሥት በ5ኛው መቶ ዓመት በፈረሰ ጊዜ በፍርስራሹ ላይ ልዩ ልዩ የጀርመን ነገዶች መንግሥታቸውን አቆሙ። ፍራንኮች በጋልያ፣ ቫንዳሎች በሰሜን አፍሪቃ፣ የምሥራቅ ጎቶች በኢጣልያ ነገሡ፤ የምዕራብ ጎቶች ደግሞ መጀመሪያ በደቡብ ጋልያ፣ ኋላም ዛሬ ስፔን በምንላት በእስጳንያ ተቀመጡ። ከነዚህ መካከል የቫንዳሎች መንግሥት በ534፣ የምሥራቅ ጎቶች መንግሥትም ከ20 ዓመት ያህል በኋላ በቢዛንታይን ንጉሠ ነገሥት በዩስጢንያኖስ ጦር ጠፉ። ፍራንኮችና የምዕራብ ጎቶች ግን ጸንተው ቆዩ። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በኤውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የዚህን ልዩነት ምክንያት ብዙ ጸሐፊዎች በአጭሩ ሲያስረዱ፣ የጠፉት መንግሥታት ነገሥታቱ ሕዝቡ ከሚያምነው የተለየ ሃይማኖት የነበራቸው ናቸው፤ የጸኑት ግን ንጉሥና ሕዝብ በአንድ እምነት የተባበሩባቸው ናቸው ይላሉ። ይህ አነጋገር ከፊል እውነት ቢኖርበትም ነገሩን በሙሉ አይገልጠውም። የምዕራብ ጎቶች ከ170 ዓመት በላይ ከተገዢዎቻቸው የተለየ ሃይማኖት ይዘው ገዝተዋልና። እንግዲህ ሊጠየቅ የሚገባው ያ ልዩነት ምን ጥቅም ይሰጣቸው እንደ ነበረ፣ በምን ምክንያት እንደ ተዉትና በመተዋቸውም ምን አትርፈው ምን እንዳጡ ነው። የዚህ ጽሑፍ አሳብ፣ የእስጳንያ አንድነት የተገኘው ድል አድራጊው ሃይማኖቱን በተሸናፊው ላይ ሊጭን በሞከረ ጊዜ ሳይሆን ራሱ ከተሸናፊው የሚለይበትን ምልክት በተወ ጊዜ መሆኑን ማሳየት ነው። ዳሩ ግን ይህ አንድነት ያለ ዋጋ አልተገኘም፤ ዋጋው ምን እንደ ነበረም በመጨረሻው ክፍል እንመለከታለን።

የጎቶች ክርስትና አመጣጥ

ጎቶች ክርስትናን ማወቅ የጀመሩት ከሮማ ወሰን ውጭ፣ ከዳኑብ ወንዝ ማዶ ሳሉ ነው። በ3ኛው መቶ ዓመት ታናሽ እስያን በወረሩ ጊዜ ብዙ ክርስቲያኖችን ማርከው ወስደው ነበር፤ የአዲሱንም ሃይማኖት ዘር በመካከላቸው የዘሩት እነዚሁ ምርኮኞች ናቸው። ከቀጰዶቅያ ከተማረኩት ቤተ ሰቦች ወገን በ311 ገደማ ውልፊላ የሚባል ሰው ተወለደ። ውልፊላ ማለት በጎትኛ «ግልገል ተኩላ» ማለት ነው። ይህ ሰው ጎትኛን ከሕዝቡ ጋር ሆኖ ያደገበት፣ ግሪክኛንና ላቲንኛንም አጥርቶ የሚያውቅ ስለ ነበረ፣ ለመልእክት ወደ ሮማ ግዛት በተላከ ጊዜ የኒቆምድያው አውሳብዮስ ጳጳስ አድርጎ ሾመው። አውሳብዮስ በ325 በኒቅያ ጉባኤ የተወገዘው የአርዮስ ወዳጅና ደጋፊ ነበር።

ውልፊላ በወገኖቹ መካከል ሰባት ዓመት ካስተማረ በኋላ፣ በክርስቲያኖች ላይ ስደት ስለ ተነሣ፣ ተከታዮቹን ይዞ የዳኑብን ወንዝ ተሻግሮ በሮማ ግዛት ተቀመጠ። ለጎትኛም ፊደል ቀረጸ፤ አብዛኞቹን ፊደላት ከግሪክ፣ ጥቂቶቹን ከላቲንና ከጀርመናውያን ጥንታዊ የቅርጽ ምልክቶች ወሰደ። በዚህም ፊደል መጽሐፍ ቅዱስን ተረጐመ። ፊሎስቶርግዮስ የተባለው የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊ እንደሚተርከው፣ መጻሕፍተ ነገሥትን ብቻ ሳይተረጕም ተዋቸው፤ ምክንያቱም ጎቶች ጦርነት ወዳድ ስለ ሆኑ ልጓም እንጂ ማነሣሻ አያሻቸውም ብሎ ነው።

በዚህ ላይ ኢትዮጵያዊ አንባቢ ቆም ብሎ የሚያስተውለው ነገር አለ። በዚያው በ4ኛው መቶ ዓመት፣ በእኛ ዘንድ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን የሚባለውን ፍሬምናጦስን ለአክሱም ጳጳስ አድርጎ የሾመው የአርዮስ ዋነኛ ባላጋራ የእስክንድርያው አትናቴዎስ ነበር። የአርዮስን ወገን ይደግፍ የነበረው ንጉሠ ነገሥት ቆስጠንጢዮስ በ356 ገደማ ለአክሱም ነገሥታት ለኢዛናና ለሳይዛና ደብዳቤ ጽፎ፣ ፍሬምናጦስ ወደ እስክንድርያ ተመልሶ በአትናቴዎስ መንበር በተተካው በጊዮርጊስ ፊት ስለ ሹመቱና ስለ እምነቱ እንዲመረመር ጠይቋል። ይህም ደብዳቤ በአትናቴዎስ ጽሑፍ ውስጥ ተጠብቆ እስከ ዘመናችን ደርሷል። አክሱም ግን በአትናቴዎስ ወገን ጸናች። ስለዚህ ሁለት ሕዝቦች፣ አንዱ በዳኑብ ዳር፣ ሁለተኛው በቀይ ባሕር ማዶ፣ በአንድ ዘመን ክርስትናን ሲቀበሉ የተቀበሉት የክርስትና ዓይነት የተለያየው በሕዝቦቹ ጠባይ ምክንያት አይደለም፤ በሰባኪያቸው ላይ እጁን የጫነው ጳጳስ ከየትኛው ወገን እንደ ነበረ በማየት ነገሩ ይገለጣል።

በ376 ሁኖች ከምሥራቅ መጥተው በገፏቸው ጊዜ ብዙ ሺህ ጎቶች ዳኑብን ተሻግረው ወደ ሮማ ግዛት ገቡ። የተቀበላቸው ንጉሠ ነገሥት ቫሌንስም እንደ ቆስጠንጢዮስ ከኒቅያ ሃይማኖት የራቀ ስለ ነበረ፣ ክርስትናን የተቀበሉት በእርሱ ዘንድ ይሠራበት በነበረው እምነት ነው። የሮማ ሹማምንት በምግብ ዕጦት ላይ የነበሩትን እንግዶች ስለ በዘበዙአቸው ጎቶች ዐመፁ፤ በ378 በአድርያኖፕል በተደረገው ጦርነትም ቫሌንስ ራሱ ሞተ። ከእርሱ በኋላ የነገሠው ቴዎዶስዮስ በ381 በቍስጥንጥንያ ጉባኤ አድርጎ የኒቅያን ሃይማኖት የመንግሥቱ ሃይማኖት አድርጎ አጸናው። እንዲህ ባለ ሁኔታ መንግሥቱ ከአርዮሳውያን አሳብ ሲመለስ እንግዶቹ በያዙት ቀሩ። ሮማዊው ትቶት የሄደው እምነት የጎቶች መለያ ሆነ።

ስለ ስሙም አንድ ቃል መናገር ያስፈልጋል። ጎቶች ራሳቸውን አርዮሳውያን ብለው አልጠሩም፤ ይህ ስም ባላጋራዎቻቸው ያወጡላቸው ነው። እምነታቸው ወልድ አብን ይመስለዋል ይላል እንጂ በባሕርይ ከአብ ጋር አንድ ነው አይልም ነበር። ለአጠራር ምቾት ግን በተለመደው ስም እንጠቀማለን።

ሃይማኖት የነገድ ምልክት ሲሆን

ጎቶች በንጉሣቸው በአላሪክ መሪነት በ410 ሮማን ለሦስት ቀን ዘረፉ፤ በቅዱስ ጴጥሮስና በቅዱስ ጳውሎስ አብያተ ክርስቲያናት የተማፀኑትን ግን አልነኩም። በ418 በደቡብ ምዕራብ ጋልያ፣ በአኲታንያ ምድር፣ ከሮማ መንግሥት ጋር በስምምነት ሰፈሩ፤ የነገሥታቱም መቀመጫ ቱሉዝ ሆነ። ከ466 እስከ 484 የነገሠው ኤውሪክ ከሮማ ሥልጣን ፈጽሞ ወጥቶ ግዛቱን እስከ እስጳንያ አሰፋ፤ ሕግም በጽሑፍ አወጣ።

በዚህ መንግሥት ውስጥ ሁለት ሕዝቦች ጎን ለጎን ይኖሩ ነበር። በቍጥር እጅግ የሚበልጡት ሮማውያን ላቲንኛ ተናጋሪዎች ሲሆኑ የኒቅያን ሃይማኖት የያዙ፣ በጳጳሶቻቸው የሚመሩ ነበሩ። ጥቂቶቹ ጎቶች ግን ጦሩንና ዙፋኑን ይዘው የራሳቸውን ቤተ ክርስቲያን፣ የራሳቸውን ጳጳሳት ያቆሙ ነበሩ። ከጥንት የሮማ ሕግ የተወረሰ ድንጋጌም ሮማውያንና ባዕዳን እንዳይጋቡ ይከለክል ነበር። ይህ ክልከላ ሁልጊዜ አልተጠበቀም፤ ኋላ የነገሠው ቴውዲስ ከእስጳንያ ባለጸጎች ወገን የሆነች ሮማዊት አግብቶ ነበርና። ቢሆንም ሕጉ በመጽሐፍ ላይ ቆይቷል።

የዛሬ ዘመን ተመራማሪዎች «ጎት» የሚለው ስም አንድ ንጹሕ ዘርን እንደማያመለክት ያስተምራሉ። በረጅሙ ጉዞ ላይ ሌሎች ነገዶች፣ ያመለጡ ባሮች፣ ከሮማ ጦር የከዱ ሰዎች ሁሉ ከሠራዊቱ ጋር ተቀላቅለዋል። እንዲህ ያለውን ድብልቅ ሕዝብ አንድ የሚያደርገው የደም አንድነት ካልሆነ፣ ንጉሡ፣ የጦር አገልግሎቱና ሃይማኖቱ ናቸው። ስለዚህ የጎቶች ቤተ ክርስቲያን አንድ ጥቂት ሕዝብ በብዙ ሕዝብ መካከል ሳይሟሟ እንዲኖር የምትጠብቅ አጥር ሆና ታገለግል ነበር። ከ170 ዓመት በላይ የጸናችውም በዚህ ጥቅሟ ነው።

አጥሩ ግን መንግሥቱን ለአደጋ አጋልጦ ነበርን? ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ምሳሌ የ507ቱ ጦርነት ነው። የፍራንኮች ንጉሥ ክሎቪስ፣ በሬምስ ጳጳስ በሬሚግዮስ እጅ በኒቅያ ሃይማኖት የተጠመቀው፣ በቩዬ ሜዳ የጎቶችን ንጉሥ ሁለተኛውን አላሪክን ድል አድርጎ ገደለው፤ ጎቶችም ከጋልያ አብዛኛውን ግዛት አጡ። ጎርጎርዮስ ዘቱር ከብዙ ዓመታት በኋላ ሲጽፍ ይህን ጦርነት በመናፍቃን ላይ የተደረገ የሃይማኖት ጦርነት አስመስሎታል። ነገር ግን እርሱ ራሱ እንደሚመሰክረው፣ ከአላሪክ ጎን ተሰልፈው ከሞቱት መካከል የኒቅያን ሃይማኖት የያዙ የኦቬርኝ አገር ሮማውያን መኳንንት ነበሩ። አላሪክም ከጦርነቱ አንድ ዓመት በፊት፣ በ506፣ ለሮማውያን ተገዢዎቹ የሮማን ሕግ አሳጥሮ በአንድ መጽሐፍ አውጥቶላቸው፣ ጳጳሶቻቸውም በአግድ ከተማ ጉባኤ እንዲያደርጉ ፈቅዶላቸው ነበር። እንግዲህ የሃይማኖት ልዩነት ብቻውን ሮማውያንን ከንጉሣቸው አልለየም።

ድካሙ የታየው በሌላ በኩል ነው። ንጉሡ የጥቂት የጦር ቤተ ሰቦች ንጉሥ ሆኖ እስከ ቀረ ድረስ፣ ዕድሉ በእነዚያው ቤተ ሰቦች ፈቃድ ላይ ተንጠልጥሎ ይኖር ነበር። ጎርጎርዮስም ጎቶች ያልወደዱትን ንጉሥ በሰይፍ አስወግደው የወደዱትን ማንገሥ ልማዳቸው ነው ሲል ይነቅፋቸዋል። ቴውዲስ በ548 ተገደለ፤ ተከታዩ ቴውዲጊሴል በ549 በሰቪልያ በግብዣ ላይ ሳለ ተገደለ፤ ከእርሱ በኋላ በነገሠው በአጊላ ላይ አታናጊልድ የሚባል መኰንን ዐመፀ። አታናጊልድ ከዩስጢንያኖስ እርዳታ ስለ ጠየቀ በ552 የቢዛንታይን ጦር በደቡብ ጠረፍ ወረደ፤ ያንንም ጠረፍ ለ70 ዓመት ያህል ይዞ ቀረ። በሰሜን ምዕራብም፣ በጋሊሲያ፣ ከኒቅያ ሃይማኖት ጋር በ6ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ የታረቀ የስዌቮች መንግሥት ነበረ። እንዲህ ባለ ጊዜ ነው ሌዎቪጊልድ ወደ ዙፋን የወጣው።

የሌዎቪጊልድ ሙከራ

ከወንድሙ ጋር በኋላም ብቻውን እስከ 586 የነገሠው ሌዎቪጊልድ የተበታተነውን አገር በጦር ሰበሰበ። በ572 ኮርዶባን ያዘ፤ በ585 የስዌቮችን መንግሥት አጠፋ። ኢሲዶሮስ ዘሰቪልያ እንደሚተርከው፣ ከጎቶች ነገሥታት በንጉሥ ልብስ አጊጦ በዙፋን ላይ የተቀመጠ የመጀመሪያው እርሱ ነው፤ ከእርሱ በፊት ንጉሥና ሠራዊት አለባበሳቸውና አቀማመጣቸው አንድ ነበር። ገንዘብንም በንጉሠ ነገሥቱ ስም ማሠራት ትቶ በራሱ ስምና መልክ አሠራ። በ578 ሬኮፖሊስ የምትባል አዲስ ከተማ በልጁ በሬካሬድ ስም ቈረቈረ። ቶሌዶንም የመንግሥቱ ጽኑ መቀመጫ አደረጋት። ሕጉን ሲያሻሽልም የጋብቻውን ክልከላ ሻረ፤ ጎት ሮማዊት፣ ሮማዊም ጎት ቢያገባ የሚከለክለው ሕግ ቀረ።

ከነዚህ ሥራዎች የምንረዳው፣ ሌዎቪጊልድ የጎቶች የጦር አለቃ መሆኑ ቀርቶ የአገሩ ሁሉ ንጉሥ መሆን እንደ ፈለገ ነው። የቀረው አጥር ሃይማኖት ነበር። በዚህም ላይ እሳቱን የለኰሰው የራሱ ቤት ነው። ታላቁ ልጁ ኤርሜኔጊልድ በ579 የፍራንኮችን ንጉሥ ልጅ ኢንጉንድን አገባ። ኢንጉንድ በኒቅያ ሃይማኖት ያደገች ነበረች፤ የሌዎቪጊልድ ሚስት ጎይስዊንታ ደግሞ የኢንጉንድ አያት ስትሆን ጽኑ አርዮሳዊት ነበረች። ጎርጎርዮስ ዘቱር እንደሚለው፣ አያቲቱ የልጅ ልጇን እንደ ገና እንድትጠመቅ ብታስገድዳት እምቢ ስላለች፣ ጠጕሯን ይዛ መሬት ላይ ጥላ ደበደበቻት፤ ልብሷንም አስገፍፋ ወደ ኵሬ አስወረወረቻት። ንጉሡ ቤቱን ለማብረድ ልጁን ከነሚስቱ ወደ ሰቪልያ ሰዶ የደቡቡን አገር ሰጠው። ኤርሜኔጊልድ ግን በዚያ በአባቱ ላይ ዐመፀ፤ በሚስቱና በጳጳሱ በሌያንድሮስ ምክርም ወደ ኒቅያ ሃይማኖት ገባ።

ሌዎቪጊልድ ወዲያው በጦር አልተነሣም፤ አስቀድሞ በ580 የአርዮሳውያንን ጳጳሳት በቶሌዶ ሰበሰበ። ጉባኤው ከኒቅያ ሃይማኖት ወደ እነርሱ የሚመጣ ሰው ከእንግዲህ ዳግመኛ መጠመቅ እንደማያስፈልገው፣ እጅ ቢጫንበትና ክብርን ለአብ፣ በወልድ በኩል፣ በመንፈስ ቅዱስ ቢሰጥ እንደሚበቃው ወሰነ። ንጉሡ የሰማዕታትን መቃብር መሳለም ጀመረ፤ ወልድ ከአብ ጋር የተካከለ ነው እስከ ማለትም እንደ ደረሰ ጎርጎርዮስ ጽፏል፤ ስለ መንፈስ ቅዱስ ግን ይህን አልተቀበለም። የዘመኑ ታሪክ ጸሐፊ ዮሐንስ ዘቢክላር እንደሚመሰክረው፣ በዚያ ጉባኤ ውሳኔ የባላጋራዎቹ እምነት የሮማውያን ሃይማኖት፣ የራሳቸው እምነት ግን ካቶሊክ፣ ማለትም የሁሉ የሆነ ሃይማኖት ተብሎ ተጠራ።

በዚህ አጠራር የነገሩ ሁሉ ፍሬ ይታያል። ሌዎቪጊልድ የአንድ ነገድ መለያ የነበረውን እምነት የሁሉ እምነት ሊያደርገው ፈለገ። ብዙ ሰዎች፣ ከእነርሱም የሳራጎሳው ጳጳስ ቪንኬንትዮስ፣ ወደ እርሱ ገቡ። ቢሆንም ብዙው ሕዝብ አልተከተለም። ለ170 ዓመት «ይህ የጎቶች ነው፣ ያ የሮማውያን ነው» ሲባል የኖረ አጥር፣ በሩን ስላሰፉት ብቻ አጥር መሆኑ አይቀርም።

ጦርነቱም መጣ። ንጉሡ ለልጁ ተስፋ የነበሩትን የቢዛንታይን ሰዎች በ30,000 የወርቅ ሶሊዱስ ገዝቶ አስተዋቸው፤ ሰቪልያን ከቦ ያዘ፤ በ584 ኤርሜኔጊልድ በኮርዶባ ተማረከ፤ በ585 በታራጎና ተገደለ። የሮማው ሊቀ ጳጳሳት ታላቁ ጎርጎርዮስ ይህን ልዑል ሰማዕት አድርጎ ጽፎለታል። ነገር ግን የእስጳንያ ሰዎች የሆኑት ዮሐንስ ዘቢክላርና ኢሲዶሮስ፣ ሁለቱም የኒቅያን ሃይማኖት የያዙ ሳሉ፣ ዐመፀኛ ብለው እንጂ ሰማዕት ብለው አልጻፉለትም። በሌዎቪጊልድ የተሰደደው ዮሐንስ እንኳ ዐመፁ በአገሪቱ ላይ ያመጣውን ጥፋት ከሃይማኖቱ አስበልጦ ተመለከተው። ይህ ምስክርነት ትልቅ ዋጋ አለው፤ በዚያን ጊዜ የአገር አንድነት የሚል አሳብ በሮማውያን ሊቃውንት ልብ ውስጥ አስቀድሞ ሥር ሰድዶ እንደ ነበረ ያሳያልና።

የ589ኙ የቶሌዶ ጉባኤ

ሌዎቪጊልድ በ586 ሲሞት ሁለተኛው ልጁ ሬካሬድ ያለ ተቃውሞ ነገሠ። አዲሱ ንጉሥ የአባቱን ዓላማ ሳይለውጥ መንገዱን ገለበጠው። ሕዝቡ ወደ ነገሥታቱ ሃይማኖት ካልመጣ ነገሥታቱ ወደ ሕዝቡ ሃይማኖት መሄድ አለባቸው ማለት ነው። በነገሠ በአሥረኛው ወር፣ በ587፣ ራሱ የኒቅያን ሃይማኖት ተቀበለ፤ ቀጥሎም የአርዮሳውያንን ጳጳሳት ሰብስቦ፣ ዮሐንስ ዘቢክላር እንደሚለው፣ ከትእዛዝ ይልቅ በምክንያት አሳመናቸው።

በግንቦት ወር 589 ከ60 በላይ ጳጳሳት በቶሌዶ ተሰበሰቡ። ንጉሡ የእምነቱን ቃል በጽሑፍ አቅርቦ አስነበበ፤ እርሱና ንግሥቲቱ ባዶ ፈረሙበት። ስምንት የአርዮሳውያን ጳጳሳት ከጎቶች መኳንንት ጋር የቀድሞውን እምነታቸውን በ23 ውግዘቶች ካዱ፤ ከነዚህም አንዱ የ580ውን የሌዎቪጊልድ ጉባኤ ውሳኔ በስም የሚያወግዝ ነው። ጉባኤው የኒቅያን፣ የቍስጥንጥንያንና የኤፌሶንን ጉባኤያት፣ እንዲሁም የእኛ ቤተ ክርስቲያን የማትቀበለውን የኬልቄዶንን ጉባኤ አጸደቀ። ጸሎተ ሃይማኖትም እንደ ምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ሥርዐት በቅዳሴ ጊዜ ከአባታችን ሆይ በፊት በሕዝቡ ሁሉ አንደበት እንዲነገር አዘዘ። የዚህ ትእዛዝ ጥበብ ግልጽ ነው፤ ትናንት ሁለት የነበሩ ሕዝቦች በየሳምንቱ በአንድ ቤት፣ በአንድ ቃል አንድ እምነት ይናገራሉና።

የተመለሱት ጳጳሳትም ማዕርጋቸው አልተወሰደም። በቫሌንስያና በቶርቶሳ ነባሩም የተመለሰውም ጳጳስ በአንድ ከተማ ሁለት ሆነው የሚኖሩበት ጊዜ ነበረ። ሬካሬድ የተሸነፈውን ወገን ሳያዋርድ ማስገባት እንዳለበት ማወቁን ይህ ያስረዳል። ከዚህም ሌላ ጉባኤው ዳኞችና የግብር ሹማምንት በየዓመቱ በየአውራጃው በሚደረገው የጳጳሳት ስብሰባ ላይ እየተገኙ በሕዝቡ ላይ እንዳይጨክኑ እንዲመከሩ ወሰነ። ሮማውያን በመንግሥቱ ላይ ያልነበራቸውን ድምፅ በጳጳሶቻቸው አፍ አገኙ።

ይህ ሁሉ ያለ ተቃውሞ አልሆነም። በሜሪዳ አርዮሳዊው ጳጳስ ሱና ከጎቶች መኳንንት ጋር ዶለተ፤ ንግሥት ጎይስዊንታም ኡልዲዳ ከሚባል ጳጳስ ጋር በንጉሡ ላይ አሤረች፤ በ590 አርጊሙንድ የተባለ መስፍን ዐምፆ ቀኝ እጁ ተቈርጦ በአህያ ላይ ተቀምጦ በቶሌዶ አደባባይ እንዲዞር ተደረገ። አንዳቸውም ግን ሠራዊቱን ሊያስከትሉ አልቻሉም። በዚያው በ589 ደግሞ ፍራንኮች በጋልያ በቀረው የጎቶች ግዛት ላይ ሲዘምቱ፣ በካርካሶን አጠገብ ድል ያደረጋቸው የጎቶች ሠራዊት አለቃ ክላውድዮስ የተባለ፣ የሜሪዳ አገር ሮማዊ መስፍን ነበር። ዮሐንስ ዘቢክላር ይህን ድል ጌዴዎን በ300 ሰው ካገኘው ድል ጋር ያመሳስለዋል። ሮማዊ ጎቶችን አዝምቶ ፍራንኮችን ድል ማድረጉ፣ ከጉባኤው ጽሑፍ ይልቅ የአዲሱን ዘመን መምጣት ያበሥራል።

አንድነቱ ያተረፈውና ያጣው

ከ589 በኋላ በነበሩት ሦስት ትውልዶች አንድነቱ ከሃይማኖት ወደ ሕግና ወደ ሥርዐት ተስፋፋ። በ633 ኢሲዶሮስ ዘሰቪልያ በሊቀ መንበርነት የመራው አራተኛው የቶሌዶ ጉባኤ በእስጳንያና በጋልያ ሁሉ አንድ የጸሎትና የዜማ ሥርዐት እንዲኖር አዘዘ። በ654 ንጉሥ ሬኬስዊንት በ12 መጻሕፍት የተከፈለ የሕግ መጽሐፍ አወጣ፤ ከእንግዲህ በፍርድ ቤት በሌላ ሕግ መከራከር ተከለከለ፤ ጎትና ሮማዊ በአንድ ሕግ ይዳኙ ጀመር። ከእስጳንያ መካከለኛ ደጋ መቃብሮች የተገኙት፣ በጎቶች ስም የሚጠሩት የንስር ቅርጽ ያላቸው የልብስ መርፌዎችና ትልልቅ የመታጠቂያ ዘለበቶች በ600 ገደማ ከመቃብር ይጠፋሉ። ልብስ ዘርን በእርግጥ አያስታውቅም የሚሉ ሊቃውንት ቢኖሩም፣ የአለባበስ ልዩነት መጥፋቱ ከሃይማኖቱ ልዩነት መጥፋት ጋር አብሮ መሄዱ ሊናቅ የሚገባው አይደለም።

በዚህ ልውውጥ ውስጥ እያንዳንዱ ወገን የሰጠው ነገር አለ። ጎቶች ሃይማኖታቸውንና ቋንቋቸውን ሰጡ፤ ሮማውያን ስማቸውን ሰጡ። ከጊዜ በኋላ በሁለቱም ወገን የተወለደ ሰው ራሱን ጎት ማለት ጀመረ፤ ኢሲዶሮስም፣ ከጥንቱ ነዋሪ ወገን ሲሆን፣ የጎቶችን ታሪክ እንደ ገዛ አገሩ ታሪክ አድርጎ በክብር ጻፈ።

ኪሳራው ግን ሦስት ነው። የመጀመሪያው የቋንቋና የመጻሕፍት ነው። ፍሬደጋር በተባለው ዜና መዋዕል እንደ ተጻፈ፣ ሬካሬድ የአርዮሳውያንን መጻሕፍት በአንድ ቤት አሰብስቦ ከቤቱ ጋር አቃጠላቸው። ጎትኛ የኖረው በዚያች ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ስለ ነበረ፣ ቤተ ክርስቲያኒቱ ስትፈርስ መጠጊያ አጣ። ከግዕዝ ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ ይታያል፤ ግዕዝ ከንግግር ከወጣ በኋላም መንግሥቱና ሕዝቡ በጋራ በያዙት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በቅዳሴውና በትምህርቱ ኖሯል።

ሁለተኛው ኪሳራ የአይሁድ ነው። መንግሥቱ በሃይማኖት አንድ የሆኑ ሰዎች ማኅበር ነው ከተባለ፣ ከሃይማኖቱ ውጭ የሆነ ሰው ከመንግሥቱም ውጭ ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ በአርዮሳውያን ዘመን ከሌሎቹ ሕዝቦች እንደ አንዱ ሆነው ይኖሩ የነበሩት አይሁድ ከ589 በኋላ በሕግ ላይ ሕግ ይወጣባቸው ጀመር። ንጉሥ ሲሴቡት በ616 ገደማ በግድ እንዲጠመቁ አዘዘ። ኢሲዶሮስ ይህን ሥራ ቅንዓት ያለበት ዕውቀት ግን የጐደለው ብሎ ነቀፈው፤ ነገር ግን እርሱ የመራው የ633ቱ ጉባኤ ከእንግዲህ ማንም በግድ አይጠመቅ ካለ በኋላ፣ አስቀድመው በግድ የተጠመቁት በክርስትናቸው እንዲቈዩ ፈረደ። በ694 ደግሞ አሥራ ሰባተኛው ጉባኤ አይሁድን ባሮች እንዲሆኑ ወሰነባቸው። አንዱ አጥር ሲፈርስ ድንጋዩ ለሌላ አጥር ተሠራበት።

ሦስተኛው ጉድለት አንድነቱ ሊፈውሰው ያልቻለው ደዌ ነው፤ ይኸውም የዙፋን ወራሽነት ነው። የሬካሬድ ልጅ ሁለተኛው ልዩቫ በ603 በቪተሪክ እጅ ከዙፋን ወረደ፤ ቪተሪክም በ610 ተገደለ። የ633ቱ ጉባኤ ንጉሥ ሲሞት መኳንንቱና ጳጳሳቱ ተሰብስበው እንዲመርጡ፣ መሐላውን ያፈረሰም እንዲወገዝ ደነገገ። ንጉሥን ቅብዐ ቅዱስ የመቀባት ሥርዐትም በ672 ቫምባ ሲነግሥ በጽሑፍ ተመስክሮ ይገኛል። ጸሎትና ውግዘት ግን የመኳንንቱን ሰይፍ አላስቆሙም። በ711 ታሪክ የተባለው የእስላም ጦር አለቃ ባሕሩን ሲሻገር፣ ንጉሥ ሮድሪጎ መኳንንቱ በተከፋፈሉበት ሰዓት ተገናኘው፤ በሰሜን ምሥራቅም አኪላ የተባለ ሌላ ንጉሥ በራሱ ስም ገንዘብ ያሠራ ነበር። መንግሥቱ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ወደቀ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚቀረው ፍርድ ይህ ነው። የ589ኙ ጉባኤ መንግሥትን ከመውደቅ አላዳነም፤ ሕዝብን ግን ፈጠረ። መንግሥቱ ከወደቀ በኋላ በእስላም ግዛት ውስጥ የቀሩ ክርስቲያኖች በሬኬስዊንት ሕግ ይዳኙ ነበር፤ በሰሜን ተራሮች የተነሡት ክርስቲያን ነገሥታትም የቶሌዶ ወራሾች ነን አሉ፤ ሕጉም በ13ኛው መቶ ዓመት ወደ ካስቲልያ ቋንቋ ተተረጐመ። ሮድሪጎ፣ ፈርናንዶ፣ አልፎንሶ የሚሉት ስሞች ከጎትኛ የመጡ ሆነው እስከ ዛሬ በስፔን ይጠራሉ። የውልፊላን ትርጕም ግን ስፔን አልጠበቀችውም። በሐምራዊ ብራና ላይ በብር ቀለም የተጻፈው ዋነኛው ቅጅ በ6ኛው መቶ ዓመት በኢጣልያ፣ በምሥራቅ ጎቶች ዘንድ የተዘጋጀ ነው፤ ከ336 ቅጠሎቹ 187ቱ በስዊድን አገር በኡፕሳላ ይገኛሉ፤ አንድ ሌላ ቅጠልም በ1970 በጀርመን አገር በሽፓየር ተገኝቷል። የጎቶችን ስም ወርሰው የኖሩት ሰዎች ያን መጽሐፍ ቢያዩት አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ ባልቻሉ ነበር።